ድመት ሲሉኝ ነብር ብዬ ጻፍኩ

ተናድጄ ወይም ቀንቼ ቢሆን ኖሮ ለማውራትም ይቀለኝ ነበር። እኔ ግን የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት ከቤታቸው ላስወጣ የደረስኩት ስለቸኮልኩ ብቻ ነው። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ኮሪያታውን ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርቼ እኖራለሁ። ሥራዬ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። ኤጀንሲው የመደበኝ ከከተማው ትልቅ ፓርክ ሥር፣ ኮረብታ ላይ ያለ ቤት ነበር። ከጓሮው አጥር ወዲያ ዳገትና ቁጥቋጦ እንጂ ጎረቤት የለም።

ሰውዬው ሚስተር ራኦ ይባላሉ፤ ህንዳዊ ናቸው። እኔ ጋሼ ራኦ እላቸዋለሁ። «ጋሼ ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሰር ማለት ነው፤ ግን ፍቅር ያለበት» አልኳቸውና ወደዱት። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው በህንድኛ ቅላጼ፣ እኔ በልደታ ሰፈር ቅላጼ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው፤ ሶ፣ እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

ጋሼ ራኦ አገራቸው ሳሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ የአንድ የነብር መጠለያ ኃላፊ ነበሩ። ነብር ስል የእኛን ባለ ነጠብጣቡን አይደለም፤ ባለ መስመሩን፣ ታይገር የሚባለውን ነው። ሚስታቸው ሲያርፉ ልጃቸው አኒታ ወደዚህ አመጣቻቸው። አኒታ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ከአባቷ ሌላ ቤተሰብ የላትም። ጋሼ ራኦ መርሳት ጀምረዋል። መነጽራቸውን ፍሪጅ ውስጥ አግኝቼ አውቃለሁ። አንዳንዴ እኔን ድሮ አብሯቸው በሠራ የደን ጠባቂ ስም ይጠሩኛል፤ ሰውዬውን ፎቶ ላይ አይቼው ጺማም ስለሆነ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ማታ ከመውጣቴ በፊት ደብተር ላይ ሪፖርት እጽፋለሁ። በሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ባይናኩላራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው «ዛሬ ጠዋት አንድ ትልቅ ድመት ዳገቱን አቋርጦ ሄደ» አሉኝ። ሰዓቴን አየሁ። አውቶቡሱ ሊደርስ ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። «ነብር አየሁ ይላሉ። ግራ ተጋብተዋል» ብዬ ጽፌ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ አሉኝ፤ ሦስት ጊዜም ነብር ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነብር ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ሌላ ምን ሊያዩ ነው?

አንድ አርብ ጠዋት አኒታ ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ኩሽና ውስጥ ጠራችኝ። ሳን ፍራንሲስኮ ስብሰባ አላት፤ እስክትመለስ እኔ እዚያው አድራለሁ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ባለሙያ ለኢቫልዌሽን፣ የአባቷን የማስታወስ ችሎታ ለመገምገም፣ ትመጣለች።

«ውጤቱ እንደፈራሁት ከሆነ መርሳት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አግኝቻለሁ» አለች። «ንጹሕ ነው። በሩም ይቆለፋል።» የመጨረሻውን ስትናገር ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ከዚያ የደብተሬን ኮፒ ከቦርሳዋ አወጣች። አራት ቦታ ላይ ቢጫ ተቀብቷል። «ያንቺ ሪፖርት በጣም ነው የረዳን። ቴንክ ዩ፣ ሮማን።»

ነብር። ነብር። ነብር። ነብር። በገዛ እጄ ጽሕፈት።

«ኦኬ» አልኩ። ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ይዤ ሸኘኋት።

ታክሲው ከግቢ ሲወጣ ዞር ብል ጋሼ ራኦ የሻይ ስኒያቸውን ይዘው በሩ ጋ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሶ፣ እኔ ነብር አየሁ?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«እዚህ አገር ነብር ያለው አጥር ውስጥ ነው። ይህን የማላውቅ መሰለሽ? እኔ ያልኩሽ ድመት ነው። ትልቅ ድመት። እነሱ የተራራ አንበሳ ይሉታል፤ አንበሳ አይደለም፤ ስም ማውጣት አይችሉበትም።» ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ያላየውን ጽፎ የተገኘ ሁለት ጠባቂ ከሥራ አባርሬያለሁ። አንደኛው የእህቴ ባል ነው።»

ልስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እስከ ሰኞ ስንት ቀን አለን?»

«ሦስት።»

«በሦስት ቀን ነብር አግኝቼ አውቃለሁ» አሉ። «ጫማሽን ቀይሪ።»

የመጀመሪያው ትምህርት ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር። በረንዳው ላይ ሁለት ሰዓት አስቀመጡኝ። ዳገቱ ላይ አጋዘኖች ይግጣሉ፤ ሰማያዊ ወፎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ።

«እኛ ጋ ነብሩን የሚያየው ማንም የለም» አሉኝ። «መጀመሪያ ዛፍ ላይ ያለው ጦጣ ያየውና ይጮሃል። ከዚያ አጋዘኑ ጭራውን አቁሞ ይጮሃል። ከዚያ ጣዎሱ። አንቺ ተቀምጠሽ ነብሩ በየት በኩል እንደሚሄድ በጆሮሽ ትከተይዋለሽ። ጫካ ውስጥ ምስጢር የለም።»

«ፌርፋክስ በሉኛ!» አልኩ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ነው። «እኔ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ከገባሁ ወሬው ከላይኛው ካፌ እስከ ታችኛው ግሮሰሪ ለመድረስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም።»

«እንግዲያው ትምህርቱ አይከብድሽም» አሉ።

የነገሩኝ ብዙ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ነብር ጠበቅኩ ቢሉም በእርግጥ የጠበቁት ሣርና ውኃ ነው። ሣር ከሌለ አጋዘን የለም፤ አጋዘን ከሌለ ነብር የለም። ነብሩ ግዛቱን ዛፍ በጥፍሩ ቧጥጦና ሽንቱን ረጭቶ ያስከብራል፤ ልጁ ሲያድግ ተባሮ በጫካ መተላለፊያ ወደ ሌላ ጫካ ይሄዳል። «እዚህ ግን» አሉ ወደ ከተማው እያመለከቱ «መተላለፊያው ፍሪዌይ ነው። ያ ድመት አስር መስመር የመኪና መንገድ አቋርጦ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የመጣው ትዳር ፍለጋ ነው፤ ያገኘው ግን በየጠዋቱ የሚሮጡ ጆገሮችን ነው።» አዘንኩለት። እኔም ያን ሰሞን ከዚያ የተሻለ አልገጠመኝም።

ቅዳሜ ለማስረጃው መሰናዶ ወጣን። ከአጥሩ በር ወዲያ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ የተነፋ ደቃቅ አፈር እናነጥፋለን፤ የሚያልፍ ሁሉ ዱካውን ይተዋል፤ ዱካው ላይ ጀሶ አፍስሰን ቅርጹን እናወጣለን። ለዚህ ጀሶና ወንፊት ያስፈልጋል። ፍሪጁ ላይ አኒታ የለጠፈችውን የትእዛዝ ዝርዝር አሳየኋቸው።

«'ብቻቸውን ከቤት አይውጡ' ነው የሚለው» አሉ ጋሼ ራኦ ወረቀቱን አስጠግተው እያነበቡ። «ብቻዬን ነኝ?»

«ትታው የሄደችው መኪናም ለድንገተኛ ጉዳይ ብቻ ነው ብላለች።»

«በሰማንያ ሁለት ዓመት ሁሉም ነገር ድንገተኛ ነው። ድራይቭ አድርጊ።»

ጀሶውን ከዕቃ መደብር ገዛን። ወንፊቱን ግን የት እንደማገኝ አውቃለሁ። ፌርፋክስ ላይ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ምግብ ቤት አላት። ሁለት ዙር ዞረን ፓርክ አደረግንና ጀሶውን ፀሐይ ላይ ላለመተው ተሸክሜው ገባሁ። ይህ ስህተት ነበር።

ምሳ ሰዓት ስለሆነ ቤቱ ሞልቷል።

«እትዬ፣ ወንፊት ታውሺኝ?»

«ለምኑ?» አለች፤ ከዚያ ክንዴ ሥር ያለውን ከረጢት አየች። «ያ ምንድን ነው?»

«ጀሶ።»

ያን ሰሞን አዲስ አበባ እንጀራ ላይ ጀሶ ይቀላቅላሉ የሚል ወሬ ፌስቡኩን ሞልቶት እንደነበር ረስቻለሁ። የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሰውዬ የጠቀለለው ጉርሻ አፉ አጠገብ ቆመ።

«ጀሶና ወንፊት?» አለች እትዬ ዘነበች ቀስ ብላ። «እኔ ቤት? በጠራራ ፀሐይ?»

«ኧረ ለነብር ነው!» አልኩ በድንጋጤ።

«ነብርም እንጀራ ጀመረ?» አለ ባለ ጉርሻው፤ ጉርሻውን ግን ወደ ትሪው መለሰ።

ጋሼ ራኦ ወሬው ባይገባቸውም ችግሩ ገባቸው። ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ለእትዬ ዘነበች ጎንበስ አሉና «ማዳም፣ ጀሶው ለእግር ነው» አሏት።

የእትዬ ዘነበች ፊት ወዲያው ተለወጠ። «ውይ በሞትኩት! እግራቸው ተሰብሮ ነው? አንቺስ ምነው ቀድመሽ ብትናገሪ! ያውም በእግራቸው ታስኬጃቸዋለሽ?» ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፤ ሌላ ወንበር ስባ ቀኝ እግራቸውን ሰቀለችላቸው። ሥጋ እንደማይበሉ ስነግራት በየዓይነቱ አቀረበችላቸው፤ ሽሮውን ሦስት ጊዜ ጨመረችላቸው። ባለ ጉርሻው ሳይቀር መጥቶ እግዜር ይማርዎት አላቸው። ጋሼ ራኦ ደግሞ ሰው ማሳፈር አይወዱም፤ እግራቸውን እንደሰቀሉ ጠግበው በሉና እያነከሱ ወጡ።

መኪና ውስጥ ስቄ መሪውን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ «አንድም ውሸት አልተናገርኩም» አሉ። «እግር አልኩ። የማን እግር እንደሆነ የጨመረችው እሷ ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አየሽ እንዴት እንደሚሆን?»

ሳቄ ቆመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላ ወንበር ላይ ደብቄ ያስቀመጥኩት አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ነበር። ድመቱን መጥሪያ ይሆናል ብዬ ነው። ሽታው ሲደርሳቸው መኪናውን አስቆሙኝ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«አውሬ አንዴ ከሰው እጅ ከበላ ደግሞ ይመጣል። በሦስተኛው በጥይት ይመቱታል። ሥጋ አይደለም የምትሰጪው፤ ሞቱን ነው።»

«ታዲያ ሥጋውን ምን ላድርገው?»

«እኔ አልበላም። ከሁለታችን አውሬዋ አንቺ ነሽ።»

ማታ ጠብሼ በላሁት።

አፈሩን ነፍተን አነጠፍን፤ እሁድ ጠዋት ሄደን አየን። ጋሼ ራኦ በምርኩዛቸው እያመለከቱ እንደ ጋዜጣ አነበቡልኝ። ጥንቸል። የበረሃ ቀበሮ የመሰለው ኮዮቲ፤ የጥፍሩ ጫፍ አፈሩ ላይ ወጥቷል። «ድመት ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል፤ ይህን ያዢ» አሉ። ቀጥለው አንድ ትልቅ ዱካ ላይ ቆሙ። «ይህኛው ከባድ እንስሳ ነው። ግራውን ይጎትታል። ጫማው ጠቦታል። ትናንት ማታ ብዙ ሥጋ በልቷል።» የእኔ ዱካ ነበር።

ድመት ግን የለም።

ከሰዓት ደከማቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ድንገት በጺማሙ ሰውዬ ስም ጠሩኝ። «ጂፑን የት አቆምከው?» አሉኝ። «ዝናብ ሳይመጣ ወንዙን መሻገር አለብን።» መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ዓይናቸውን ሳይ ቀልድ አልነበረም። እጃቸውን ይዤ ዝናቡ ገና ነው አልኳቸው። ያኔ ፈራሁ፤ አኒታ ውሸቷን አልነበረማ። ሰውዬው በእውነት እየረሱ ነው። ድመት አየሁ ያሉትስ? ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን አልታየኝም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የወፍ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። እነዚያ ሰማያዊዎቹ ናቸው፤ እንደ ተጣላ ጎረቤት ነው የሚጮሁት። ወደ ጋሼ ራኦ ክፍል ሮጥኩ። አልጋው ባዶ ነው። የጓሮው በር ተከፍቷል።

በነጠላ ጫማና በሌሊት ጋውን ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ አፈሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ምርኩዛቸው መሬት ወድቋል። «ጋሼ!» ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሙኝ።

ከፊታቸው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ዳገቱ ላይ ቆሟል። መልኩ የደረቀ ሣር ነው። ጭራው ብቻውን የክንዴን ያህል ይወፍራል። ሁለታችንንም ያያል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«እንዳትሮጪ» አሉ ጋሼ ራኦ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ። እኚያ ትናንት ጂፕ የፈለጉት ሰው አይደሉም። «እንዳታጎነብሺ። እጅሽን አንሺ፣ ትልቅ ሁኚ። አናግሪው።»

«ምን ልበለው?»

«ደስ ያለሽን። ጮክ ብለሽ።»

ጋውኔን እንደ ድንኳን ዘርግቼ በአማርኛ ለቀቅኩት። «ስማ አንተ! በማለዳ ሰው ጓሮ ምን ትሠራለህ? አሳዳጊ የለህም? እኔ የምኖረው ኮሪያታውን ነው፤ ከዚህ ሰፈር ምንም ጉዳይ የለኝም! እኚህ ሰውዬ ደግሞ አትክልት ነው የሚበሉት፤ ሥጋቸው አይጥምህም! ሂድ! ኧረ በማርያም ሂድ!»

ቪዛ እንደሚከለክል ቆንሲል አየኝ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ዞር ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ወፎቹ እየጮሁ ተከተሉት። ድምፃቸው ከዳገቱ ጀርባ እስኪጠፋ ሁለታችንም አልተነቃነቅንም።

«ጥሩ ድምፅ አለሽ» አሉ ጋሼ ራኦ። የወደቀውን ምርኩዛቸውን አነሳሁላቸው።

አፈሩ ላይ አንድ ዱካ ጥርት ብሎ ታትሟል። ጀሶውን በጥብጠን አፈሰስን። እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ተጨማሪ ሰዓት የወሰደብን ደግሞ ጀሶውን አቅጥነን ደጋግመን መበጥበጣችን ነው። እኔ ፊቴን መታጠብ እንኳ ሳላስብ የበሩ ደወል ጮኸ። አኒታ ከኤርፖርት፣ ገምጋሚዋ ከቢሮዋ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ደረሱ። ያገኙት ከራስ ጸጉራቸው እስከ ጉልበታቸው ነጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ነው።

ገምጋሚዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጋሼ ራኦን አስቀምጣ ጠየቀቻቸው። ቀኑን አወቁ። ወሩን ሳቱ። አስታውሱ ካለቻቸው ሦስት ቃላት ሁለቱን አስታወሱ። አኒታ ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። ከዚያ ገምጋሚዋ ቢጫ የተቀባውን ወረቀት ገለጠች።

«ነብር ያያሉ የሚል አለ።»

ተማሪ ቤት እንዳለሁ እጄን አወጣሁ። «አላሉም» አልኩ። «ድመት ነው ያሉት። ነብር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አራት ጊዜ?» አለች አኒታ።

«አራት ጊዜ።»

«ለምን?»

«ስለቸኮልኩ» አልኩ። የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ በወደድኩ። «ዛሬ ጠዋት ራሴ አየሁት። ከአጥር ውጭ ወጥተው ነበር፤ እኔ ተኝቼ ነበር። እሱንም ጻፉት።»

 ጋሼ ራኦ ምርኩዛቸውን አንስተው «ኑ» አሉ።

ጓሮ ወረድን። ጀሶውን በጥንቃቄ አንስተው ገለበጡት። ገምጋሚዋ «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አኒታ ግን በነጭ ሱሪዋ አፈሩ ላይ ተንበረከከች። የተጣበቀውን አፈር የሰው ጥርስ በሚያክሙ ጣቶቿ ጠረገችው።

«አራት ጣት» አለች ለራሷ። «ጥፍር የለም፤ ውሻ አይደለም። መዳፉ ከኋላ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። የግራ የፊት እግር ነው።» ትንሽ ቆይታ «ሴት ናት» አለች።

አንተ ብዬ የሰደብኩት እመቤት ኖሯል።

«አይተሽ ነው ገምተሽ?» አሉ አባቷ።

«ገምቼ፣ ባባ።»

«እንግዲያው ግምት በዪ።»

ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። በኋላ እንደነገረችኝ ያን ማንበብ የተማረችው በስድስት ዓመቷ ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነብሮቹ አባቷን ወሰዱባት፤ ልደቷም ምረቃዋም ላይ አልነበሩም። ነብር የሚል ቃል ሪፖርት ላይ ስታይ ያመነችው ወዲያው ነው። ለካ ቸኩዬ የጻፍኩትን ቸኩላ ያነበበችም ነበረች።

ጋሼ ራኦ የትም አልሄዱም። አኒታ የሥራ ቀኗን ቀነሰች፤ የጓሮው በር ቁልፍ ተደረገለት። እኔን ኤጀንሲው አንድ ወር አሳረፈኝ፤ ተገቢ ነበር። የመለሰችኝ ራሷ አኒታ ናት። ዓመት ከመንፈቅ አብረን ቆየን። በመጨረሻ ስሜንም ስሟንም ረሱ፤ ያረፉት ግን በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ከአውሬው የተማርኩት ነገር የለም፤ ፊቱ ቆሜ መጮህ ብቻ ነው የቻልኩት። የተማርኩት ሰው ሲናገር ዓረፍተ ነገሩን እኔ እንደማልጨርስለት ነው። ቀላል ይመስላል። ሞክሩት እስቲ፤ ዛሬ ከባላችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር ስታወሩ፣ የሰማችሁትንና የጨመራችሁትን ለዩ። እኔ እስካሁን ይቸግረኛል።

ዛሬ ነርስ ሆኛለሁ። ባለፈው ሰሞን ግሌንዴል ወደምሠራበት የሆስፒታል ክፍል አንዲት አሮጊት ገቡ፤ ፋይላቸው ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ «ምግብ እምቢ ብለዋል» ይላል። አጠገባቸው ተቀምጬ ለምን እንደማይበሉ ጠየቅኳቸው። ግራና ቀኝ አይተው፣ ጠጋ በይ አሉና በጆሮዬ «ሾርባው ይቀዘቅዛል» አሉኝ። አሞቅሁላቸው፤ ሳህኑን ጨርሰው ማንኪያውን ላሱ። ሪፖርቱ ላይ «ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ጠርታ ይህ የሕክምና ቃል አይደለም አለችኝ።

አይደለም። ግን ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር።